የዝምድና ማስረጃ፦ ከሐረግ ቆጠራ እስከ ልደት ምስክር ወረቀት

የሰው ልጅ ዝምድናውን የሚያስመሰክረው ያለ ምክንያት አይደለም። «ልጁ ነኝ»፣ «እናቴ ናት» የሚለው ቃል በዳኛ ወይም በሹም ፊት የሚቀርበው ከበስተጀርባው አንድ የሚፈለግ ነገር ሲኖር ነው። ያ ነገር በአንዱ ዘመን ርስት፣ በሌላው የደም ካሣ፣ በሌላው ደግሞ የቀበሌ ቤትና የስኳር ራሽን ሆኖ ታይቷል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በባሕር ማዶ የሚኖር ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ወዳለበት አገር ለመውሰድ ሲነሣ የሚጠይቀው የመግቢያ ፈቃድ ሆኗል። ስለሆነም የዝምድና ማስረጃ ታሪክ በአንድ በኩል የንብረትና የመብት ታሪክ ሲሆን፣ በሌላ በኩል «ማን ይመስክር? ማንስ ይመን?» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ ለመመርመር አቦምሳና አካባቢዋ የተመቹ ናቸው። ቀድሞ የአርባ ጉጉ አውራጃ፣ ዛሬ ደግሞ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አቦምሳ በአርሲ ደጋና በአዋሽ ሸለቆ ቆላ መካከል የምትገኝ ናት። የደጋው ገበሬና የቆላው ከብት አርቢ፣ ከሸዋና ከሌላም አገር የመጣው ነጋዴና ወታደር፣ በሸለቆው እርሻዎች ሥራ ፍለጋ ከሩቅ የወረደው የቀን ሠራተኛ በዚህ አካባቢ ተገናኝተዋል። የመርቲ የቲማቲም ድልህ በየቤቱ የታወቀው ከዚሁ ሸለቆ ወጥቶ ነው። እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ እያንዳንዱ ዝምድናን የሚያውቅበትንና የሚያስመሰክርበትን ልማድ ይዞ መጥቷል።

የቃል መዝገብ

የአርሲ ኦሮሞ ሲኮና መንዶ በተባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የሚቆጠር ሲሆን፣ እነዚህም በየጎሣው፣ ጎሣውም በየበልበላው ይከፈላል። በልበላ ማለት በር ወይም ደጅ ማለት ነው። ልጅ ነፍስ ሲያውቅ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየጠራ ወደ ላይ መቁጠር ይማራል። ይህ ቆጠራ ለጌጥ የሚጠና አልነበረም። በአንድ ጎሣ ውስጥ መጋባት ክልክል በመሆኑ፣ ሁለት ወጣቶች ከመተጫጨታቸው በፊት የሁለቱም ሐረግ መታወቅ ነበረበት። ደም ሲፈስም ጉማውን የሚከፍለውና የሚቀበለው ጎሣው በጋራ ስለሆነ፣ የማን ወገን ማን እንደሆነ መለየት ግዴታ ነበር። ስለዚህ ሐረጉን የማያውቅ ሰው ከማግባትም ከመካስም የራቀ ነበር ማለት ይቻላል።

በጎጃምና በጎንደር የነበረው የርስት ሥርዓት በበኩሉ ሌላ ዓይነት ቆጠራ ይጠይቅ ነበር። ባለ ርስት ነኝ የሚል ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ቆጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄድ ነበር። በመሬት ክርክር ላይ የሐረግ አዋቂ ሽማግሌ የሚሰጠው ቃል ክርክሩን ያጸና ወይም ያፈርስ ነበር። በሁለቱም አገር እንግዲህ መዝገቡ የሽማግሌው አእምሮ፣ ማኅተሙም የጎረቤቱ እማኝነት ነበር።

በአርሲ የሐረግ ቆጠራ ውስጥ የእናት ስም አይገባም። ይሁን እንጂ እናትነት ምልክት አልባ ነበር ማለት አይደለም። እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የተባለውን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄ ያገባች ሴት ክብርና መብት ምልክት ሲሆን፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ከዚህም ሌላ የወለደች ሴት በተጸውዖ ስሟ ብቻ አትጠራም፤ በልጇ ስም «ሃዸ ከድር» ትባላለች፤ የከድር እናት ማለት ነው። መንደሩ ሰላምታ በሰጣት ቁጥር እናትነቷን ይመሰክርላታል። ይህ ምስክርነት ግን የሚሠራው ሰላምታውን የሚሰጠው ሰው እስካለ ድረስ ነው።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. በራስ ዳርጌ መሪነት የተካሄደው ዘመቻ አርሲን በምኒልክ ግዛት ሥር ካዋለ በኋላ የዝምድና ማስረጃ ኢኮኖሚያዊ መሠረቱን አጣ። መሬቱ ለወታደሩ፣ ለሹሙና ለቤተ ክርስቲያን ሲደለደል የአገሩ ተወላጅ በአባቱ መሬት ላይ ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። አሥር ትውልድ ቢቆጥር ቆጠራው የመሬት ባለቤትነት አላስገኘለትም። ሐረጉ ለጋብቻና ለጉማ ሲያገለግል ቆየ፤ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ግን ሰሚ አልነበረውም።

ያልተከፈተው መዝገብ

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአዋጅ ቁጥር 165 ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፍ በዝርዝር ደነገገ። እያንዳንዱ ሰው ከተጸውዖ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረውም በአንቀጽ 32 አዘዘ። ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ መጨረሻ፣ በአንቀጽ 3361፣ የክብር መዝገብ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውሉ ተደረገ። የቤተ ዘመድ ስምም በሕዝቡ ዘንድ ሳይለመድ ቀረ።

በዚህ ምክንያት ሕጉ ራሱ ወደ ቃል ምስክርነት ለመመለስ ተገደደ። የልደት ጽሕፈት በሌለበት ልጅነት የሚረጋገጠው ልጁ በቤተሰቡና በኅብረተሰቡ ዘንድ የእገሌ ልጅ ተብሎ በመታወቁ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በአውሮፓ ሕግ አምሳል የተጻፈው ሕግ የአቦምሳን ሽማግሌ ቃል ከመቀበል ሌላ መንገድ አላገኘም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሁኔታው ከፊል ለውጥ አሳየ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ አዋጆች ሲታወጁ በገጠር የገበሬ ማኅበራት፣ በከተማ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። ቀበሌው ነዋሪውን በቤት ቁጥር መዘገበ፤ መታወቂያ ሰጠ፤ በኅብረት ሱቁ የሚሸጠውን ስኳርና ሌላ ሸቀጥ በቤተሰብ ብዛት አከፋፈለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተራው ሰው ቤተሰብ ስም ዝርዝር በወረቀት ላይ ሰፈረ። ይሁንና መዝገቡ የተዘጋጀው ለቤትና ለራሽን እንጂ ለትውልድ ማስረጃ አልነበረም። ስለዚህ የሚያሳድጉትን የእኅት ወይም የወንድም ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ ያስመዘገቡ ሰዎች አልታጡም። ለኅሊናቸው ውሸት አልነበረም፤ ልጁን ያሳደገ ወላጁ ነውና።

በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በአርባ ጉጉ አካባቢ በተነሣው ግጭት ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። ሰው ከመንደሩ ሲፈናቀል ቤቱንና ከብቱን ብቻ አያጣም፤ ማንነቱን የሚያውቁለትን ጎረቤቶችም ያጣል። መዝገቡ በሰው አእምሮ ውስጥ ባለበት አገር የሰው መበተን የመዝገብ መቃጠል ነው።

ባሕር ማዶ የሚጠየቀው ወረቀት

ከአብዮቱ ወዲህ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ውጭ አገር ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ፣ በኋላም «ዲቪ» ተብሎ የታወቀው ዕጣ በዚያ አገር ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ እንዲፈጠር ረዱ። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የዚያ አገር ሕግ መሠረት 21 ዓመት የሞላው ዜጋ እናቱንና አባቱን ያለ ቁጥር ገደብ ማስመጣት ይችላል። መብቱ ሰፊ ነው፤ በሩ ግን የሚከፈተው በማስረጃ ነው። እናቱን ለሚያስመጣ ሰው የሚጠየቀው ዋና ሰነድ የእርሱና የእናቱ ስም በአንድነት የሚገኙበት የልደት ምስክር ወረቀት ነው። አባቱን ለሚያስመጣ ደግሞ የወላጆቹ የጋብቻ ማስረጃ ይጨመርበታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ለምሳሌ ያህል እናት ፋጡማ ሁሴን፣ አባት አማን ገመቹ፣ ልጅ ከድር አማን ይባሉ። ይህ በአቦምሳ ፍጹም ግልጽ ነው፤ ሁሴን የፋጡማ አባት፣ ገመቹ የአማን አባት ነው። በውጭ አገር ቅጽ ላይ ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ በአንድ ጣራ ሥር የኖሩት ሦስት ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ ቤተሰቦች ሆነው ይታያሉ። ልጁ ቢያንስ የአባቱን ስም ተሸክሟል። እናቱን ከእርሱ ጋር የሚያያይዝ አንዲት ፊደል እንኳ በስሙ ውስጥ የለም። በመንደሩ «ሃዸ ከድር» እየተባለች የኖረችው ሴት በወረቀት ላይ ስትደርስ ለልጇ ባዕድ ትሆናለች።

በዚህ ላይ የፊደልና የዘመን አቆጣጠር ችግር ይታከላል። በአማርኛ የተጻፈ ስም ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ለኦሮምኛ ጽሕፈት ከተመረጠ ወዲህ ደግሞ ያው ስም ሌላ መልክ ይይዛል። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓው ጋር ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በጥር የተወለደ ልጅ ዘመኑ ሲለወጥ 7 ብቻ ከተደመረለት በአንድ ዓመት ይሳሳታል። «በጣሊያን ጊዜ» ወይም «መሬት ላራሹ በታወጀ ዓመት» ተብሎ ዕድሜዋ የሚነገር እናት ደግሞ ቀኑንና ወሩን ከየት ታመጣለች? በአቦምሳ ማንም ልብ የማይለው እንዲህ ያለው ልዩነት በቆንስላው ጠረጴዛ ላይ የማታለል ምልክት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

የልደት ወረቀቱ ልጁ ከተወለደ ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣ ከሆነ ደጋፊ ማስረጃ ይፈለጋል፤ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ። እነዚህም ሲጠፉ ጉዳዩን በቀጥታ የሚያውቁ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎች በመሐላ የሚሰጡት ቃል ይቀርባል። የወረቀት ሕግ እስከ ዳር ሲኬድ መጨረሻው ያው የጥንቱ ሽማግሌ ምስክርነት መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ደምና ልማድ

ምስክር ባልታመነበት ቦታ ሳይንስ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዛዊው ሊቅ አሌክ ጄፍሪስ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዘር ውርስ አሻራን ከደም የሚያነቡበትን ዘዴ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት ዘዴው በመጀመሪያ የዋለው ወንጀለኛ ለመያዝ አልነበረም፤ ከጋና ወደ እንግሊዝ ወደ እናቱ የተመለሰ አንድ ልጅ በእርግጥ ልጇ መሆኑን ለማረጋገጥ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ያላመኑትን የእናት ቃል ደሟ አጸናላት።

ምርመራው ኢትዮጵያውያንንም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ በስደተኞች የቤተሰብ ማገናኘት ፕሮግራም ላይ የደም ዝምድና ምርመራ በናይሮቢ ጀመረች፤ ከዚያም አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች አስፋፋችው። የተባለው ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከመቶ 20 በማይሞሉ ጉዳዮች ላይ ብቻ ነው ተባለ። ይህ ቁጥር ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ካልተረጋገጡት መካከል ምርመራውን ያልተቀበሉ ሁሉ ተደምረዋል፤ ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ካልተዛመደም ቤተሰቡ በሙሉ እንዳልተረጋገጠ ይቆጠራል። ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ምርመራውን ግዴታ አድርጎ ቀጠለ።

የማታለል ሙከራ አለመኖሩን ማንም ሊከራከር አይችልም። ይሁን እንጂ ደም የማያውቀው ዝምድና መኖሩም እውነት ነው። በኦሮሞ ልማድ የጉዲፈቻ ልጅ ከአብራክ ልጅ አይለይም፤ በአሳዳጊው አባት ሐረግ ይቆጠራል፤ ይወርሳል። የአማርኛው ሕግ እንኳ ለዚህ ጉዳይ ስም ሲፈልግ የኦሮምኛውን «ጉዲፈቻ» ወስዷል። ይህ ልጅ አድጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ያሳደገችውን እናት ላስመጣ ቢል ደሙ ይከዳዋል። የአሜሪካ ሕግ ጉዲፈቻን የሚቀበለው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው በሕጋዊ መንገድ የተፈጸመ ከሆነ ነው። በሽማግሌ ፊት ብቻ የተፈጸመው ጉዲፈቻ ግን የሚቀርብ ወረቀት የለውም። በላብራቶሪው ዘንድ እንዲህ ያለው ልጅና ማታለል ፈልጎ የመጣው ሰው አንድ መልስ ያገኛሉ።

ለነገው ትውልድ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ የታሰበው መዝገብ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከሕጉ መጽናት ወዲህ 56 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ልደት በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ እንዲመዘገብ ታዘዘ። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ፣ ይኸውም ዛሬ ወላጆቹን የሚያስመጣው ትውልድ፣ መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ለተወለደበት ቀን መዝገብ እንዲያቀርብ የሚጠየቅ ነው።

ስለዚህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ለሦስት ዓይነት ሰዎች በተለይ ይደርሳል። የመጀመሪያው የቀበሌ ሠራተኛው ነው፤ የእናቲቱን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ አጣርቶ ሲጽፍ የሐረግ ቆጠራ የዘለለውን ወገን ይመልሳል። ሁለተኛው መምህሩ ነው፤ አንደኛ ክፍል የገባውን ልጅ «እናትህ ማን ትባላለች?» ብሎ ጠይቆ በመዝገቡ ላይ ያሰፈራት አንዲት መስመር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጅንና እናትን ልታገናኝ ትችላለች። ሦስተኛው የኪነ ጥበብ ሰው ነው፤ ሐረግ የሚቆጥሩት የአርሲ ሽማግሌዎችና ሲንቄ የያዙት እናቶች ሳያልፉ ቃላቸውን መቅዳትና መጻፍ የእርሱ ድርሻ ነው።

ወረቀት ዝምድናን አይፈጥርም፤ ደምም ብቻውን አይፈጥረውም። ነገር ግን ዘመኑ ማስረጃን ከጎረቤት አፍ አውጥቶ በማያውቀን ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ጎረቤት የሚያውቀውን ለማያውቀው ሰው በሚገባ መንገድ ጽፎ ማቆየት፣ በአቦምሳ ገበያ «ሃዸ ከድር» ተብላ የምትጠራው እናት በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይም በዚያው ስሟ እንድትታወቅ ማድረግ ነው።