በልብ ውስጥ የሚታይ «ማስ»፦ ዓይነቶቹና የመከሰት መጠናቸው

የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ታይተው በውጤቱ ላይ «በልብ ውስጥ ማስ ታይቷል» የሚል ጽሑፍ ካገኙ ካንሰር ነው ብለው አይደምድሙ። «ማስ» የበሽታ ስም አይደለም፤ በልብ ክፍሎች ውስጥ ወይም በቫልቮች ላይ መኖር የሌለበት ነገር ታየ ማለት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ደም ሆኖ ይገኛል፤ የረጋ ደም ደግሞ በመድኃኒት ይታከማል።

ዓይነቶቹ ምን ምን ናቸው?

1. የረጋ ደም፦ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። በአገራችን አንዱ ዋና መነሻ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም ከዓመታት በኋላ ሚትራል የተባለውን ቫልቭ ሊያጠብ ይችላል። ያኔ የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል፣ ደሙም እዚያው ይረጋል። የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎችም በታችኛው ክፍል ሊረጋ ይችላል።

2. የኢንፌክሽን ክምችት፦ ጀርሞች በተጎዳ ቫልቭ ላይ ሲራቡ ይፈጠራል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት ይኖረዋል። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

3. ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር፦ ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከሌላ ቦታ ወደ ልብ የሚደርስ ነው። ከልብ ከራሱ ከሚነሳ ዕጢ ከ20 እስከ 40 እጥፍ ይበልጣል።

4. ከልብ ከራሱ የሚነሳ ዕጢ፦ እጅግ ጥቂት ነው። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ የአስከሬን ምርመራዎች የተገኘው ከ10,000 ሰዎች በ2 ገደማ ላይ ብቻ ነው። ከእነዚህም ከ4ቱ 3ቱ ያህል ካንሰር ያልሆኑ ናቸው። በአዋቂዎች የታወቀው ሚክሶማ ሲሆን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በሕፃናት የሚታየው ራብዶማዮማ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

እንዴት ይለያል?

የረጋ ደምና ሚክሶማ በኢኮ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሐኪምዎ ደም ማቅጠኛ ሰጥቶ ከሳምንታት በኋላ ኢኮውን ሊደግም ይችላል፤ ማሱ ከቀነሰ የረጋ ደም ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ሪፈር ሊባሉ ይችላሉ። ወረፋ እየጠበቁ መድኃኒትዎን አያቋርጡ።

ዋርፋሪን ከጀመሩ

• የደም ምርመራ (አይ ኤን አር) ቀንዎን አያሳልፉ። ከጨንቻ፣ ከቦንኬ ወይም ከካምባ የሚመጡ ከሆነ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይዙ አይመለሱ።
• እንደ ጎመንና ሽፈራው (ሀለኮ) ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንሱ ይችላሉ። መብላትዎን አይተዉ፤ ነገር ግን መጠኑን በየሳምንቱ ተመሳሳይ ያድርጉ፣ ለሐኪምዎም ይንገሩ።
• ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ሐኪም ሳያዝልዎ አይውሰዱ።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ አስቀድመው ይናገሩ፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

መቼ ወደ ሆስፒታል መሮጥ አለብዎት?

በልብ ውስጥ ያለ ማስ ተቆርሶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። የሚከተሉት በድንገት ከታዩ በወጌሻ እሽትም ሆነ «እስኪነጋ» በማለት ጊዜ አያጥፉ፦

• የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ የአንደበት መያዝ
• የአንድ እግር ወይም እጅ መቀዝቀዝና ከባድ ሕመም
• ራስን መሳት ወይም ከባድ የትንፋሽ ማጠር
• የማይቆም የደም መፍሰስ ወይም ጥቁር ሰገራ

አስታማሚዎች ሆይ፦ የኢኮ ውጤቱንና የመድኃኒቱን ስም በአንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ሲሄዱም ይዘው ይሂዱ። በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።