ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሸክላ

የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ላይ ብቅ ያለ መንገደኛ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዱት ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው በደብረ ማርቆስ የሚያልፈው ዋናው ጎዳና ሲሆን፣ ሁለተኛው በቢቸና፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ አድርጎ የጮቄን ተራራ በስተምሥራቅ እየዞረ የሚሄደው ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ዙሪያ ያለው አገር ከጥንት ጀምሮ የቃልና የዜማ አገር ነው፤ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበት፣ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ሊቃውንቱ ማኅሌት የቆሙበት፣ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር እየዞረ ዕውቀትን በወረቀት ሳይሆን በቃሉ ያከማቸበት ምድር ነው።

ስለ ዘፈን ሸክላ ታሪክ የሚጻፍ ሐተታ ከዚህ አገር መጀመሩ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ነገር ግን ይኸው መንገድ በሚያበቃበት በባሕር ዳር፣ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ከሙዚቃ ቤት የገዛው አሮጌ ካሴት በ2013 በሸክላ ዳግመኛ ታትሞ ዓለምን ዞሯል (ዘመኑን ሸክሎቹ እንደሚጽፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)፤ የካሴቱ ባለቤት የሆኑትንም አረጋዊ ከታክሲ መሪ አንሥቶ ወደ መድረክ መልሷቸዋል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ዜማን ከመጥፋት የምትጠብቅበትን ብልሃት ቀድማ አግኝታለች። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት የዜማውን ምልክት ከፊደሉ በላይ መጻፍን እንደ ሠሩ ይነገራል። የአዝማሪው ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልነበረውም። ማሲንቆውን ይዞ በሰርግና በጠጅ ቤት ያንቆረቆረው ግጥም፣ ሰሚው ወደ ቤቱ ይዞት ከሄደው በቀር ሌላ ማደሪያ አልነበረውም፤ አዝማሪው ባረፈ ጊዜም ዜማው አብሮት ይቀበራል፣ ወይም በተከታዩ አፍ ተለውጦ ሌላ ይሆናል። የኢትዮጵያዊ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጸው በ1908፣ ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል ሙያ ለመማር ወደ ጀርመን አገር በሄዱበት ጊዜ በርሊን ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሸክላ ግራሞፎን ለገዙ መኳንንትና ለከተማ ሰው ብቻ የሚደርስ ጌጥ ሆኖ ቆየ።

በ1948 የዘፈን ሸክላን ከውጭ ማስገባትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት እንዲሆን በዐዋጅ ተወሰነ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በየምሽቱ አዲስ አበባን እያናወጡ ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ በሸክላ የታተመው እጅግ ጥቂት መሆኑ የዚህ ዐዋጅ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዘፋኞቻችን የወጣትነት ድምፅ ስንቱ በዚህ ምክንያት ሳይቀረጽ እንዳለፈ ሳስበው ያንገበግበኛል። ይህን ዐዋጅ የጣሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት፣ አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀረጸ፤ ማተሚያ ፋብሪካ በአገር ውስጥ ስላልነበረም ቅጂውን በመጀመሪያ በህንድ፣ በኋላም በቤሩት እያሳተመ አስገባ። መንግሥትም ቢያስፈራራው እንጂ አላሰረውም። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አሳተመ። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ በ1974 የወጣው በአምሃ ሪከርድስ ስም ነው። ፊሊፕስ የተባለው የውጭ ኩባንያም በበኩሉ አሳተመ፤ አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሪከርድስን መሥርቶ በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አወጣ። ወርቃማ ዘመን እየተባለ የሚጠራው ይህ ሁሉ ዐሥር ዓመት እንኳ ያልሞላ ጊዜ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ አምሃ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ወደ ሆቴሎች ቅጥር ተሰበሰበ። ሸክላም ቀስ በቀስ ቀረና በቦታው ካሴት ተተካ። የሸክላ ወዳጆች ይህን እንደ ውድቀት አድርገው ይጽፉታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ መብራት የሚሻ፣ አቧራና ሙቀት የማይችል፣ መርፌ በተመላለሰበት ቁጥር የሚደክም ዕቃ ስለ ነበረ፣ መብራት ያልገባበትን፣ በጉንደ ወይን ዙሪያ ያለውን የጎንቻን ገጠር ሊረግጥ አይችልም ነበር። ካሴት ግን በገበያ ቀን በነጋዴ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ጉንደ ወይን ደረሰ፤ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ በሻይ ቤቱም በአውቶቡሱም ተሰማ፤ አንዱ ከሌላው እየቀዳ አባዛው። የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ መጽሐፉን ከፍቶ የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የራሱን አገር ታሪክ በጆሮው እንደ ሰማ ሁሉ፣ የዘፈኑም ነገር እንደዚሁ ሆነ። ሸክላው በአዲስ አበባ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲረሳ ዘፈኑን በሕይወት ያቆየው ይህ ርካሽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው።

ካሴታቸው በባሕር ዳር የተገኘው ሰው ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በ1946 በሸዋ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል አልፈው፣ በአኮርዲዮንና በኦርጋን ተጫዋችነታቸው የታወቁ ሰው ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ዋነኞች አንዱ ነበሩ። ዋልያስ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አሳተመ፤ ድምፃዊ ሳይኖርበት መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበት ይህ ሸክላ ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅግ ከሚፈልጓቸው አንዱ ነው። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ፣ ግርማ በየነን፣ ሞገስ ሀብቴንና መላኩ ገብሬን ጨምሮ ኃይሉም ሳይመለሱ ቀሩ።

በ1985 በዋሺንግተን ከተማ፣ አንድ የሚያውቁት ሰው ቤት ውስጥ በነበረች ትንሽ ስቱዲዮ፣ ኃይሉ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሙሉ ባንድ የለም፤ ነፋሽ የለም፤ ከበሮ መቺም የለም። ያሏቸው አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲ ኤክስ 7 የተባሉት ሲንተሳይዘሮች፣ እንዲሁም ምቱን ራሱ የሚመታ የሪትም ማሽን ነበሩ። በእነዚህ መሣሪያዎች የልጅነታቸውን ዜማዎች እየጠሩ «ሸሞንሟናዬ»ን፣ «አምባሰል»ን፣ «ሽለላ»ን ቀረጹ። ማሽኑ ሳይደክምና ሳይዛነፍ ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ በላዩ ላይ እንደ ማሲንቆ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ቅኝቱ የአገር ቤት ነው፤ ድምፁ ግን ማንም ከዚያ በፊት ያልሰማው ነው። የሚገርመኝ፣ በዚያው ዓመት በዲትሮይት ሁዋን አትኪንስ ሞዴል 500 በሚል ስም ቴክኖ የሚባለውን ሙዚቃ ያስጀመረውን ሸክላ ማሳተሙ፣ በቺካጎም ወጣቶች በተመሳሳይ የከበሮ ማሽኖች ሐውስ የተባለውን ማውጣታቸው ነው። እነርሱ ለጭፈራ ቤት ያሰቡት፣ ኃይሉ ለናፍቆት ያሰቡት ቢሆንም፣ አንድ ሰው ከማሽኖቹ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ኦርኬስትራ የሚሆንበት ዘመን በሦስቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ ደረሰ። የዲትሮይትና የቺካጎ ሸክላዎችም በጥቂት ቅጂ ታትመው ጠፍተው፣ ዛሬ በዳግም ኅትመት እየተፈለጉ ነው።

የኃይሉ ካሴት ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ በየሙዚቃ ቤቱ ተሸጠ፤ ተወደደም። ደራሲው ግን በዋሺንግተን ኑሮን ለማሸነፍ ታክሲ መንዳት ጀመሩ፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁም በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኪቦርዳቸውን ከኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ ያንን ካሴት በባሕር ዳር አግኝቶ ከሰማ በኋላ ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለ፤ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው ማሳተሚያው አማካይነትም በ2013 በሸክላ አወጣው። ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል እንደሚካፈል ይታወቃል። ከዚያም በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የተቀረጸው «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ የዋልያስ «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ። በመካከሉም ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን ሠሩ፤ ስለዚህ ዳግም ኅትመቱ ያለፈውን ከማስታወስ አልፎ አዲስ ሥራን ወልዷል።

ይህን የዳግም ኅትመት ሥራ የማየው በጎጃም ደብሮች ያለው ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ በማየው ዐይን ነው። ቁም ጸሐፊ ያረጀውን መጽሐፍ ከመጥፋቱ በፊት ወደ አዲስ ብራና ያሻግረዋል፤ ፊደል እንዳይሳሳት ይጠነቀቃል፤ በመጨረሻም ያስጻፈውንና የጻፈውን ስም ያሰፍራል። ዳግም ኅትመትም በእነዚህ ሊመዘን ይገባዋል። ዋናው የድምፅ ቴፕ ከጠፋ ከካሴት ወይም ከተጠበቀ ሸክላ መገልበጥ ግድ ይሆናል፤ ገልባጩም የጊዜውን ጭረትና ሹክሹክታ ሲያጠራ የሙዚቀኛውን ትንፋሽ አብሮ እንዳያጠፋው መጠንቀቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ስምና ድርሻ ለባለቤቱ መመለስ አለበት፤ ይህን ሳያደርጉ የሚያትሙ መኖራቸውን ስለማውቅ ነው አጽንቼ የምናገረው።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ መንገዱን የጠረገው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። በ1984 የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ተነካ፤ በ1986 «ኧረ መላ መላ»ን በቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ አሳተመ፤ ከዚያም ከአምሃ እሸቴ ፈቃድ አግኝቶ በቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ረጅም ተከታታይ አወጣ። የሙላቱ ዜማ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰማ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሰምቶ የማያውቀው ዓለም ጆሮውን አቀና። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በ1967 በጀርመን አሳትመውት የነበረውን የፒያኖ ድርሰታቸውን ዓለም በስፋት ያገኘው በ2006 በዚሁ ተከታታይ 21ኛ ክፍል ነው፤ በግሸን ማርያም ገዳም ዓመታትን የቆዩት እኒያ መነኩሲት በ2023 በኢየሩሳሌም አረፉ፤ ሸክላቸው ግን አሁንም እየታተመ ነው። ወጣቶቹም አልተኙም፤ እንደገና ሙሉ የተባለው በ2015 «ሌቱ ሲነጋ»ን፣ ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም»ን የአገር ቤት ድምፅን ከኮምፒውተር ምት ጋር አዋሕደው በውጭ አገር ማሳተሚያዎች በሸክላ አውጥተዋል።

ነገር ግን በአሜሪካና በፈረንሳይ የሚታተመው ሸክላ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንኳ ከባድ ነው፤ ለጉንደ ወይን መምህር ወይም ለቢቸና ተማሪ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ካሴቱን ለሠላሳ ዓመት ያህል በመደርደሪያው ጠብቆ ያቆየው የባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ባይኖር ኖሮ ሰብሳቢው የሚያገኘው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ የዚህ ታሪክ ባለ ውለታ ሰብሳቢው ብቻ ሳይሆን፣ ስሙ በሸክላው ልባስ ላይ ያልተጻፈው ባለ ሱቅም ነው። ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣ ባሉት ቤቶች ዛሬም በቁም ሣጥን ሥር የተቀመጡ ካሴቶች አሉ፤ የጎጃም አዝማሪዎች በአካባቢው ሰርግ ላይ የተቀረጹባቸውና ለገበያ ያልወጡም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። የካሴት ክር ላይ ያለው ሽፋን በዕድሜ ብዛት እየተላቀቀ ስለሚሄድ፣ በመልካም ማጫወቻ ቶሎ ወደ ኮምፒውተር ሊገለበጡ ይገባል፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ይህን ቢይዙት፣ የዘፋኙን ስም፣ የሠርጉን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ከካሴቱ ባለቤት አፍ ጠይቆ ለመመዝገብ አንድ የቴፕ ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው አንድ ወጣት ይበቃል።