ቦጋለ በላቸው፦ ተረትን በሥዕል ለልጆች ያደረሱ ሠዓሊ

የሠዓሊ ቦጋለ በላቸው ስም በልጆች መጻሕፍት ዘንድ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው «ሲሊ ማሞ» በተሰኘው የተረት መጽሐፍ ሥዕሎቻቸው ነው። ተረቱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። ማሞ የእናቱን ምክር ያለ ቦታው እየተጠቀመ የሚሳሳት ልጅ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ታሪኩን የሚከተለው በሥዕሉ በመሆኑ የሠዓሊው ድርሻ ከተራኪው አያንስም።

አቶ ዮሐንስ የመሠረቱት የንባብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቆይቶም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እያዞረ ልጆችን አስነበበ። ጋሪ ለማይጠፋባቸው እንደ ቦዲቲ ላሉ ከተሞችና ለገጠር ቀበሌዎቻቸው ልምዱ ትምህርት ሰጪ ነው፤ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ልጁ ደጅ ለመድረስ የግድ አስፋልትና መኪና አይጠብቅም።