ተራ የማይጠብቅ ጨዋታ

በመዳፍ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ከፍቶ ወደ ጨለማ ዋሻ የሚገባ ሰው ጀግናውን አያየውም፤ ጀግናው ራሱ ነውና። ከፊቱ ግድግዳ ብቻ አለ። አንዴ ሲጫን አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ከማዕዘኑ ጀርባ ምን እንዳደፈጠ ግን ካልዞረ አያውቅም።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አባት ከሚባሉት አንዱ «ዊዛርድሪ» ነው። አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድኸድ የተባሉ አሜሪካውያን ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። ዋሻው ዐሥር ፎቅ ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ፎቅ 20 በ20 እርምጃ ነው። ካርታ ስለማይሰጥ ተጫዋቹ በወረቀት ላይ ራሱ እየሣለ ይሄድ ነበር። ጠላቱ ግን ጨዋ ነው፤ ሰውየው አስቦ እስኪያዝ ድረስ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣው «ደንጀን ማስተር» ይህን ጨዋነት ሻረው። እዚያ ጭራቁ አይጠብቅም፤ አንተ ስታስብ እሱ ይመታል።

ጃፓኖች የፊተኛውን መንገድ ወደዱ። «ዊዛርድሪ» እ.ኤ.አ. በ1991 በ«ጌም ቦይ» ወደ መዳፍ ገባ። በ2007 ደግሞ አትለስ የተባለው ኩባንያ በ«ኔንቲዶ ዲ.ኤስ.» ላይ ባወጣው «ኤትሪያን ኦዲሲ» ተጫዋቹ በታችኛው መስታወት ላይ በብዕር ካርታ እንዲሥል አደረገው። ወረቀቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ተራ ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ? ጥያቄው የኮምፒዩተር ዘመን ግኝት ይመስላል። ዳሩ ግን ከመቀሌ በስተደቡብ፣ እንደርታ ውስጥ፣ ሁለቱም መልሶች በአንድ ገበታ ላይ ነበሩ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ሕንጣሎ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። የባላጋራን ጠጠር የሚወስድ ሰው በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ በጨዋታው ድምፅ ነበረው። (ዛሬ በመዳፍ መስታወት ላይ ለሁለት ዓይን ብቻ በሚከፈተው ዋሻ ውስጥ ይህን ያህል መካሪ የት ይቀመጣል?)

ሕጉን በዝርዝር የጻፈው ሌላው እንግሊዛዊ ዋልተር ፕላውደን ነው፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ሰንጠረዥ ሲጀመር ሁለቱም ሰዎች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እኩል፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየሰለለ የራሱን ያበጃል፤ ካልጣመውም ያፈርሰዋል። የዚህ ምዕራፍ ስም «ወረራ» ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንደ «ዊዛርድሪ» ጭራቅ እያንዳንዱ በተራው ነው። አንድ ጨዋታ በመሃሉ ሕጉን እንዲህ ሲለውጥ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ማሸነፍ ብቻውንም አያስመሰግንም ነበር። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል የሰነፍ ድል ይባላል፤ በደካማ ጠጠሮች መግደል ግን ያስከብራል። ዋና ዋና ሹማምንቱን ሁሉ ያጣ ንጉሥም አይገደልም።

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የዚህን ሰንጠረዥ ታሪክ ሲያሰባስብ የእነዚህን መንገደኞች ማስታወሻም ተጠቅሟል። ሰንጠረዡ እ.ኤ.አ. በ1936 ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ ወዲህ እየጠፋ ሄዷል። በወረራ ይጀመር የነበረው ጨዋታ በሌላ ወረራ ተቋረጠ።