ጨው፣ መዓዛና የእግር ውሃ

የመጽሔታችን አዘጋጆች በቤት ውስጥ ስለሚቀመም ባለ መዓዛ የመታጠቢያ ጨው ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ነገሩ የባሕር ማዶ ቅንጦት ነውና ለእኛ ምን ታሪክ አለው ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ጎረቤቴ ናት። የአፋር ጨው ደቁሳ፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋበት በብልቃጥ ይዛልኝ መጣች። «ጋሼ፣ ዘይቱ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው? የልጄንስ እግር ለምን አቃጠለው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የእኛ የሙያ ጥያቄ ነው። የመልሱ እኩሌታ ግን የሚገኘው ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከእናቶቻችን ጓዳ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበረ። ጨው የአክሱም ነጋዴዎች ከከብትና ከብረት ጋር ይዘው ወደ ወርቅ ሀገር ይጓዙበት እንደነበር በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ ጽፏል፤ አሞሌውም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ ኖሯል። ስለ ሙቅ ውሃም ብዙ ማለት አያሻም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ የዚህች ከተማ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። የማንጠሩም ጥበብ ቢሆን እንግዳ አልነበረም። አረቄ የምታወጣ ሴት ጋኑን፣ የመቃውን ቧንቧና በቀዝቃዛ ውሃ የሚነከረውን መቀበያ አሳምራ ታውቃለች፤ መዓዛማ ዘይት ከቅጠል የሚወጣውም በዚሁ በእንፋሎትና በማቀዝቀዝ ሥርዓት ነው።

ታዲያ ዘይቱን ለምን አላነጠሩትም? እኔ እንደሚመስለኝ ስላላስፈለጋቸው ነው። አደስ ደርቆና ተወቅጦ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወስና ለጠጉር ይሆናል። ለሙሽራና ለአራስ ወይባ ይጤሳል፤ ቤቱም በቀበርቾ ይታጠናል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚደንቀኝ ቅቤው ነው። መዓዛማ ዘይት በስብ ውስጥ ይሟሟል፤ ስቡም ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል፣ ኃይሉንም ያለዝበዋል። የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች የጃስሚንን አበባ በስብ ላይ ዘርግተው መዓዛውን ይቀበሉ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ያልተበረዘ ዘይት በገላ ላይ ያፈሰሱበት ጊዜ አልነበረም።

የጎረቤቴም ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ጨው በውሃ ይሟሟል፤ ዘይቱ ግን በጨውም በውሃም አይሟሟም። ጨው ዘይቱን በላዩ ይሸከማል እንጂ አይበርዘውም። ጨው በሳፋው ውስጥ ሲቀልጥ ዘይቱ ብቻውን ተንሳፎ፣ እግር ሲነከር እንዳለ ቆዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለአንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ከ2 እስከ 3 ጠብታ ብቻ አስቀድሞ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት መበረዝ አለበት፤ ጨዉ አንድ እፍኝ ይበቃል። ወለሉ እንደሚያንሸራትት ለአረጋውያን መንገር ይገባል።

የባሕር ዛፉ ነገር ለብቻው ይታይ። ዛፉ በዘመነ ምኒልክ ከገባ ወዲህ በቅጠሉ መታጠን የጉንፋን መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ተነጥሮ የወጣው ዘይት ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ሲኒኦል ሲሆን፣ ለሕፃን አፍንጫ ሲቀርብ ትንፋሽን ሊያውክ፣ ጥቂት እንኳ ቢዋጥ ሊመርዝ ይችላል። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት ብልቃጡን ከመስኮቱ ደፍ አንሥታ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። በየመድኃኒት ቤታችን ይህን የምንነግር ስንቶቻችን ነን?

«የመታጠቢያ» ጨው መባሉም ቢሆን ለጀሞ አይስማማም። ገንዳ በሌለበት፣ ውሃም በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ያለው ሳፋ ነው። ሳፋ ደግሞ ከቅንጦት ይልቅ የቆየ ወግ ያስታውሳል፤ ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩን በለብታ ውሃ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም ነበር።

ጎረቤቴ አሁን ዘይቱን ትታ የደረቀ ጠጅ ሳር ከጨው ጋር በብልቃጥ ታኖራለች። በክረምት ጨዉ እየረጠበ አስቸግሯት ክዳኑን በሰም ታሽገዋለች። ባለፈው ሐሙስ ውሃ መጣና ሳፋው ተሞላ፤ በመጀመሪያ የታጠቡት አማቷ ናቸው።