ካርታውና ተራው፤ ልማታዊ ሴፍቲኔት በኢትዮጵያ ወረዳዎች እንዴት እንደ ተዘረጋ

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ስለ አንድ ሰው ልብ የተነገረ ቢሆንም ስለ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛም ሊነገር የሚችል ነው። አንድ መንግሥት ለተቸገረው ሕዝብ አዲስ ድጋፍ ለመስጠት ሲነሣ በአንድ ቀን ለሁሉ ሊያዳርስ አይቻለውም፤ ገንዘቡም፣ ሠራተኛውም፣ መንገዱም፣ መዝገቡም ልክ አላቸውና። ስለዚህ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ ማንስ ይቆይ የሚል ተራ ይወጣል። ተራው በካርታ ላይ ሲሰፍር አንዱ ወረዳ ይቀለማል፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ካርታውን ለሚሥለው ሰው ነጩ ቦታ ገና ያልተደረሰበት ሥራ ነው፤ በዚያ ለሚኖረው ገበሬ ግን ባዶ ጎተራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ካርታ በምን መመዘኛ እንደ ተሣለና መመዘኛው በሕዝቡ ኑሮ ላይ ምን እንዳስከተለ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ አገርና ከዚያም ባለፈ የደረሰው ረኃብ ለትውልድ የማይረሳ ቁስል ትቶ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ችግር በመጣ ቁጥር እህል ከውጭ አገር እየተለመነ ማምጣት የየዓመቱ ልማድ ሆነ። አዝመራው ይገመገማል፤ የተቸገረው ሰው ቁጥር ይታወጃል፤ ለጋሾች ይጠየቃሉ፤ እህሉ በመርከብ ተጭኖ ወደብ ይደርሳል፤ ከወደብ በካሚዮን ወደ ወረዳ ይጓዛል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ለአሥር ዓመት ያህል በያመቱ በአማካይ 5 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እንዲህ ያለውን እርዳታ ይጠብቅ ነበር። ዝናሙ ደኅና በዘነመበት ዓመት እንኳ ቁጥሩ እምብዛም አለመጉደሉ፣ ችግሩ የአንድ ክረምት ሳይሆን የኑሮው መሠረት መናጋት መሆኑን ያመለክታል። እህሉም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ገበሬው እርዳታው እስኪመጣ በሬውን ይሸጣል፤ እርዳታው ሲመጣ ሆዱን ያስታግሥለታል እንጂ በሬውን አይመልስለትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ጤነኛና መሥራት የሚችል ሰው እርዳታን በሥራ እንዲያገኝ ቢደነግግም፣ እህሉ መቼና ምን ያህል እንደሚመጣ አስቀድሞ ካልታወቀ ሥራውን በዕቅድ መምራት አስቸጋሪ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን በላይ በደረሰ ጊዜ መንግሥቱም ለጋሾቹም አሮጌው መንገድ እንደማያዛልቅ ተረዱ። በመካከላቸው ከተደረገው ምክክር የተወለደው ሐሳብ ይህ ነበር፤ በየዓመቱ እንደሚቸገር አስቀድሞ የታወቀ ሰው በየዓመቱ ሊለመንለት አይገባም፤ ድጋፉ ለብዙ ዓመት ታቅዶ፣ በጊዜው፣ ቢቻልም በገንዘብ ይሰጠው። ስሙም ከእንግሊዝኛ ተወስዶ ሴፍቲኔት ተባለ፤ ከከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት ሳይነካ የሚቀበለው መረብ ማለት ነው። ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ባላገሩ ፈጥኖ ለመደው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። መሥራት የሚችል አባል ያለው ቤተ ሰብ የእርሻ ሥራ ጋብ በሚልባቸው ስድስት ወራት እርከን በመሥራት፣ ኩሬ በመቆፈር፣ መንገድ በመጥረግ፣ ትምህርት ቤት በማነጽ ይሳተፋል። ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰባል። የመጀመሪያው የቀን ክፍያ 6 ብር ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ የሦስት ኪሎ እህል ዋጋ ነው ተብሎ የተተመነ ነው። እንግዲህ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 150 ብር፣ በስድስቱ ወራት 900 ብር ያገኝ ነበር። በዕድሜ የገፉ፣ አካላቸው የደከመ፣ ጠዋሪ የሌላቸው ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ ይረዳሉ።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። ፕሮግራሙ በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከ7 ሚሊዮን በላይ አቀፈ። እነዚህ በየት የሚኖሩ ናቸው? ወረዳው የተመረጠው ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ተከታታይ የምግብ እርዳታ ሲቀበል መቆየቱ በመዝገብ ታይቶ ነው። በወረዳው ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ እጥረት የሚያገኘው ቤተ ሰብ ይመረጣል። የመጀመሪያው መመዘኛ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከጎረቤት ምስክርነት ወደ ላይ ይወጣል።

በመዝገቡ መሠረት የተቀለመው ምድር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰፊ መቀነት ይመስላል። ከምሥራቅ ትግራይ ይነሣል፤ በዋግ ኽምራ፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ያልፋል፤ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ ይሻገራል፤ በወዲያኛው በኩል ደግሞ በዚያን ጊዜ ደቡብ ክልል ይባል በነበረው አገር ወላይታን፣ ከምባታን፣ ሲዳማንና ኮንሶን ይነካል። ዝናም የማይነፍጋቸው የምዕራብ አውራጃዎች፣ በተለይም አብዛኛው ጎጃምና ወለጋ፣ ከመቀነቱ ውጭ ቀሩ። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህ ካርታ በጠቅላላው እውነተኛ መሆኑን አይክድም፤ አፈሩ የታጠበበት፣ መሬቱ የጠበበበት፣ ዝናሙ የሚያታልልበት አገር ይኸው ነውና።

ይሁን እንጂ የእርዳታ መዝገብ የችግር መዝገብ ብቻ አይደለም፤ የመንገድ፣ የመጋዘንና ጮኾ የመሰማት መዝገብም ነው። ካሚዮን የሚደርስበት ወረዳ እርዳታ ተቀብሎ ይመዘገባል፤ ያልደረሰበት ግን ቢራብም መዝገብ የለውም። እንበልና በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ቀበሌዎች አሉ፤ አፈራቸው አንድ፣ ገበያቸው አንድ፣ ዝምድናቸውም የተጋመደ ነው። ወንዙ ግን የወረዳ ወሰን ስለ ሆነ ወዲህኛው ገበሬ ለሠራበት ሲከፈለው ወዲያኛው ቆሞ ያያል። ካርታው በእነዚህ መካከል የሚያደርገው ልዩነት የችግራቸው መጠን ሳይሆን ያለፈው ጊዜ ጽሕፈት ነው።

ሁለተኛው ነገር የኮታ ጉዳይ ነው። የተረጂው ቁጥር ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ እየተከፈለ ሲወርድ ብዙ ጊዜ በቦታው ካለው ችግረኛ ያንስ ነበር። በቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አመዛዝነው ስም ዝርዝሩን በሕዝብ ፊት ሲያነቡ፣ ኮታው ከሞላ በኋላ የሚቀረው ሰው ከገባው ሰው በኑሮ የማይለይ ሆኖ ይገኛል። በዚህ የተጨነቁ ብዙ ቀበሌዎች ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ነፍስ ብቻ መዘገቡ፤ ስድስት አባል ላለው ቤት የሁለት ወይም የሦስት ሰው ድርሻ ሰጡ። ይህ የአገራችን ሰው ተካፍሎ የመብላት ልማድ ስለ ሆነ ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ቤተ ሰቡን ከወድቀት ይይዛል ተብሎ የታሰበው መረብ ክሩ ሳሳ። ስለዚህ በኋላ የወጣው መመሪያ አንድ ቤት ሲገባ መላው ቤተ ሰብ እንዲቆጠር አዘዘ። ሰሚ ያጣ ሰው አቤት የሚልበት የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴም በየቀበሌው እንዲቋቋም ተደረገ።

ሦስተኛው ትምህርት የተገኘው ከቆላው ነው። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ሥራው ከደጋው ዘግይቶ ተጀመረ። ምክንያቱ የችግር ማነስ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ የታሰበው በአንድ ቦታ ለሚኖር፣ እርሻ ላለው፣ በቀበሌ ለተመዘገበ ገበሬ ነበርና። ግመሉንና ፍየሉን ተከትሎ ውኃና ግጦሽ የሚፈልገውን ሰው በስድስት ወር የእርከን ሥራ ማሰር እንዴት ይቻላል? ደግሞስ የጎሣ ሽማግሌዎች የመጣውን ሁሉ ለሁሉ እኩል በሚያካፍሉበት አገር ድኻውን ከድኻ ለይቶ መመዝገብ ምን ትርጉም አለው? ለዚህ የሚስማማ ዘዴ በጥቂት የአርብቶ አደር ወረዳዎች መሞከር የተጀመረው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ በካርታው ላይ ዘግይቶ የተቀለመው ምድር የዘገየው ሥርዓቱ ለእርሱ ስላልተሰፋ መሆኑን ልብ ይሏል። ልብሱ ሲጠብበው ጥፋቱ የለባሹ አይደለም።

በደረጃ መሄድ የራሱ ጥቅም እንደ ነበረውም በቅንነት መናገር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ ብዙ ጊዜ ይዘገይ ነበር፤ ገንዘብ ያዡ በየቀበሌው የሥራ ቀን መቁጠሪያውን በእጅ እየደመረ፣ ብሩን በሻንጣ ይዞ ሩቅ መንገድ ይጓዝ ነበር። የእህል ዋጋ በ2000 ዓ.ም. በናረ ጊዜ የቀኑ ክፍያ ወደ 8 ብር፣ ቀጥሎም ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም የገበያውን ፍጥነት አልደረሰበትም፤ ብዙ ሰዎች ከገንዘብ ይልቅ እህል ይሻለናል አሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ተረጂው ሁሉ ራሱን ችሎ ይመረቃል የተባለውም ተስፋ እንደታሰበው አልሆነም። ሆኖም በየምዕራፉ ጉድለቱ እየታየ ስለ ታረመ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በስምንት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች፣ ከ300 በላይ በሆኑ ወረዳዎች የሚሠራ ድርጅት ለመሆን በቃ። ጉድለቱን በራሳቸው ኑሮ የከፈሉት ግን በመጀመሪያ የገቡትም፣ ተራ ሲጠብቁ የቆዩትም ድኾች መሆናቸው አይዘነጋም።

ከገጠሩ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፕሮግራሙ ወደ ከተማ ገባ። የከተማው ካርታ ግን በሌላ መመዘኛ ተሣለ። የተመረጡት አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ አሶሳ፣ ደሴ፣ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሐረር፣ ሐዋሳ፣ ጅግጅጋ፣ መቀሌና ሰመራ ሎጊያ፣ በጠቅላላው 11 ከተሞች ናቸው። ስማቸውን ያነበበ ሰው ፍልስፍናውን ወዲያው ያገኘዋል፤ ከየክልሉ አንድ ከተማ፣ ማንም ተዘነጋሁ እንዳይል። በገጠሩ መቀነት ያልገቡት የጋምቤላና የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች በዚህ በር ገቡ። በአምስት ዓመት እንዲረዳ የታቀደው ሰው 604 ሺህ ሲሆን ከሁሉ የሚበዛው ድርሻ የአዲስ አበባ ነበር።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሦስተኛ ዘዴ ታየ። ድኻው ሕዝብ ከሚበዛባቸው ወረዳዎች መካከል በመጀመሪያው ዓመት የሚገቡት 35ቱ በዕጣ ተለዩ። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን የአባት ርስት ሲከፋፈሉ ማንም እንዳያዳላ ዕጣ ይጥሉ ነበር። ዕጣው ሌላም ጥቅም አስገኘ። የገቡትና ገና ያልገቡት ወረዳዎች የተለዩት በአጋጣሚ ብቻ ስለ ሆነ ሊቃውንት ሁለቱን አነጻጽረው የፕሮግራሙን ውጤት ለመመርመር ቻሉ። ያገኙትም የሚያስደንቅ ነው። ጎዳና በመጥረግና በመሳሰለው ሥራ የተሰማሩት ሰዎች ከቀን ሥራ ገበያው ቀነስ ስላሉ፣ በግል አሠሪዎች ዘንድ ለሌላው ሠራተኛ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ አለ፤ ሰው ከሰፈር ሰፈር ተሻግሮ የሚሠራ በመሆኑም ጥቅሙ ተራ በሚጠብቁት ወረዳዎች ነዋሪዎች ዘንድ ደረሰ። ካርታው በወሰን ቢከፍላቸውም ገበያው አንድ አደረጋቸው።

ድርቅም እንዲሁ ወሰን አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. በፕሮግራሙ ከታቀፉት 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። መረቡ ለታወቀው ችግር የተዘረጋ ነው፤ ያልታወቀው ግን ከጎኑ ይመጣል። ስለዚህ ከመዝገብ የተሣለ ካርታ በየጊዜው ካልታደሰ ያለፈውን ረኃብ እያሳየ የሚመጣውን ይሰውራል።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ተራ አየን፤ በመዝገብ፣ በድልድልና በዕጣ። መዝገብ የተጻፈለትን ያስቀድማል፤ ድልድል ክልሎችን ያስማማል እንጂ ችግርን አይመዝንም፤ ዕጣ አያዳላም፤ ነገር ግን የባሰበትንም አይለይም። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ፍጹም አይደለም። ሆኖም ተራ ማውጣት የግድ ከሆነ፣ ተራ አውጪው ሁለት ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው፣ አንዱ ለምን እንደ ቀደመ በሚገባ ቋንቋ ለሕዝቡ መናገር ነው፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው ይታገሣልና። ሁለተኛው፣ የቀረው መቼ እንደሚደርሰው ቀን ቆርጦ መጻፍ ነው። ቀን ያልተጻፈለት ተራ ተስፋ እንጂ ተራ አይባልም።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው አዲስ ካርታ የሚሥሉት ዛሬ በትምህርት ቤት ያሉት ወጣቶች ናቸው። ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት፣ ነጭ አድርገው የሚተዉት ቦታ ላይ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው ወንዙ ማዶ ቆሞ የጎረቤቱን እርከን እንደሚመለከት አስበው ቢጀምሩ ካርታቸው ከቀደሙት የተሻለ ይሆናል።