ገንዘቡ የማን ነው? ጥያቄውስ?

ዘመኑ 1965 እ.ኤ.አ. ነው። ቺሊ ሳንቲያጎ ያስተምሩ የነበሩት ኖርዌጂያዊው የሰላም ተመራማሪ ዮሃን ጋልቱንግ «ካሜሎት» በተባለ የጥናት ፕሮጀክት እንዲሳተፉ ተጋበዙ። የጥናቱ ጥያቄ ሲታይ ንጹህ ሳይንስ ይመስላል፦ በታዳጊ አገሮች የውስጥ አመፅ መቼ ይነሳል? መንግሥትስ አስቀድሞ ምን ቢያደርግ ይበርዳል?

ፕሮጀክቱን የያዘው በዋሽንግተኑ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የምርምር ቢሮ ነበር። ገንዘቡ ግን የአሜሪካ ምድር ጦር ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታስቦለታል።

ጋልቱንግ እምቢ አሉ። አመፅን ስለማክሸፍ የሚደረግን ጥናት ጦር ሠራዊት ሊደግፈው አይገባም አሉ። ጉዳዩን ለቺሊ ምሁራንም ነገሩ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የቺሊ ፓርላማም ምርመራ ጀመረ። ሐምሌ 8 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. መከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ፕሮጀክቱን ሰረዙት።

ነገሩ ግን በአንድ ፕሮጀክት አልተጀመረም። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ወደ ህዋ ስትልክ ዋሽንግተን ደነገጠች። በዓመቱ ኮንግረሱ የትምህርት በጀቱን «የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ» በሚል ስም አጸደቀ። የውጭ ቋንቋዎችና የአካባቢ ጥናት ማዕከላት በዚህ ገንዘብ አበቡ። ገንዘቡን የሚወስድ ተማሪ ግን መንግሥትን በኃይል መገልበጥን እንደማይደግፍ ፈርሞ ማረጋገጥ ነበረበት። ዩኒቨርሲቲዎች ተቃወሙ፤ ሃርቫርድና ዬል ከፕሮግራሙ ወጡ። ግዴታው የተነሳው በ1962 ነው።

ከዚህ ገንዘብ የተገኘው ዕውቀት ሁሉ ውሸት አይደለም። መዝገበ ቃላቱም፣ የታሪክ ጥናቱም ዛሬ ድረስ ይጠቅማል። ችግሩ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ላይ ነው። ካሜሎት «አመፅ እንዴት ይከሽፋል?» ሲል «ሕዝቡ ለምን አመፀ? እውነት አለው ወይ?» የሚለው ቦታ አጣ። ኃያሉ አገር በደካማው ጉዳይ ጣልቃ ሲገባ ደካማው እንዴት ይከላከል የሚል ጥናት ደግሞ ገንዘብ የሚሰጠው አልነበረም።

ከቅሌቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ የውጭ አገር ጥናቶችን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ እንዲመረምር አዘዙ። መንግሥት ከምርምሩ እጁን አላወጣም፤ መቆጣጠሪያውን አጠበቀ እንጂ።

ስለዚህ ስለ አንድ አገር ደኅንነት የተጻፈ ጥናት ሲቀርብ መልሱን ከመመዘን በፊት ጥያቄውን ማን እንዳወጣው ማየት ይገባል።